«አንቺ እኮ ነጭ ነሽ» አልኳትና ዘጋችኝ

የአንባቢ ደብዳቤ

«ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። 17 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሲያትል ነው። ከአዲስ አበባ የመጣሁት ትንሽ ልጅ ሆኜ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ እህቴ አግዛኝ ነው የጻፍኩት።

ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ የማትለየኝ ጓደኛ አለችኝ። አባቷ ነጭ ነው። እናቷ ጃፓናዊት አሜሪካዊት ናት። የእናቷ አያት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካምፕ ገብተው ነበር፤ ስለሳቸው የክፍል ፕሮጀክት አብረን ሠርተናል። አምና የእስያ ተማሪዎች ክበብ ስትገባ አንዷ ልጅ ‹አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?› አለቻትና እያለቀሰች ወደ እኔ መጣች። ዘንድሮ ግን እንደሷ ግማሽ ነጭ ግማሽ እስያዊ የሆኑ ልጆች አገኘች። ራሳቸውን ‹ዌዥያን› ይላሉ። የራሳቸው ግሩፕ አላቸው፣ ቲክቶክ ይሠራሉ፣ የራሳቸው ቀልድ አላቸው። አብሬያቸው ስቀመጥ እነሱ ስቀው ሲጨርሱ ነው እኔ የምስቀው።

በቀደም ምሳ ላይ ‹እኛን እኮ ነጮቹም እስያውያኑም አይቀበሉንም› አለች። ደሜ ፈላ። ‹አንቺ እኮ ነጭ ነሽ፣ ሱቅ ስትገቢ ማንም አይከተልሽም› አልኳት። ጠረጴዛው ሁሉ ጸጥ አለ። ትሪዋን አንስታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ዘግታኛለች። ቴክስት ሳደርግላት ታየዋለች፣ አትመልስም።

እናቴ ‹ቻይናዋ ጓደኛሽ የት ጠፋች?› ትለኛለች። ሲገባት ደግሞ ‹ተያት፣ ከሀበሻ ልጆች ጋር ሁኚ› አለችኝ። ውሸት ነው እንዴ የተናገርኩት? ይሄ ዌዥያን የሚሉት ነገርስ እውነት ነው ወይስ ፋሽን? ጓደኛዬንስ እንዴት ነው የምመልሳት?»

ግራ የገባኝ፣ ከሲያትል

መልስ

ውድ ግራ የገባሽ፣

ከመጀመሪያው ጥያቄ ልጀምር። የተናገርሽው ግማሹ ውሸት አይደለም። ሱቅ ስትገቡ የጥበቃው ዓይን አንቺን ተከትሎ እሷን የሚተው ከሆነ፣ ይሄን ያየሽው አንቺ ነሽ። ማንም «መስሎሽ ነው» ሊልሽ አይችልም። የመናገር መብትም አለሽ፤ ጓደኛሽም ልትሰማው ይገባል።

ነገሩን ያበላሸችው ከዚያ የቀደመችው አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። እሷ የሚያማትን ነገር ነገረችሽ። አንቺ ደግሞ ማን እንደሆነች ነገርሻት። ስለ ሱቁ ብቻ ብታወሪ ኖሮ ክርክር ይሆን ነበር። ትጨቃጨቁ ይሆናል፣ ማታ ላይ ደግሞ ትታረቁ ነበር። አንቺ ግን ማንነቷን በሰው ፊት ወሰንሽላት። ያውም ክበቡ ውስጥ ምን እንደተባለች እያወቅሽ። ያን ቀን እያለቀሰች ወደ ማን ነበር የመጣችው?

እስቲ የልጅቷን ውሎ አስቢው። ክበቡ ውስጥ እስያዊት አይደለሽም ተባለች። ምሳ ላይ ነጭ ነሽ ተባለች። እናንተ ቤት ስትመጣ ደግሞ «ቻይናዋ» ናት። ሦስት ቦታ፣ ሦስት ስም። አንዱንም እሷን ጠይቆ የሰጣት የለም። ሦስተኛውማ፣ እናትሽ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አገሩንም ስቷል።

ፕሮጀክቱን ስለሠራሽ የሚቀጥለውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ለሌሎች አንባቢዎች ስል ግን ልድገመው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አንድ ትእዛዝ ፈረሙ። በዚያ ትእዛዝ መነሻ በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ የሚኖሩ ወደ 120,000 የሚሆኑ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነሥተው ካምፕ ገቡ። አብዛኞቹ እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። የሲያትሎቹ መጀመሪያ የታጎሩት እዚያው አቅራቢያ ባለችው ፑያለፕ ከተማ ነው። አዎ፣ በየመስከረሙ ልጆች ለጨዋታና ስኮን ለሚባል ትኩስ ዳቦ የሚሰለፉበት የፌር (የባዛር) ግቢ። ከዚያ ወደ አይዳሆ፣ ሚኒዶካ ወደሚባል ደረቅ ሜዳ ተጓዙ።

ማን ይሂድ፣ ማን ይቅር የሚለው የሚለካው በደም ነበር። የጃፓን ደሙ ከአሥራ ስድስት እጅ አንዱ ብቻ የሆነ ሰው እንኳ ከዝርዝሩ አያመልጥም። በኋላ ወታደሩ አንዳንድ ክልስ ቤተሰቦችን መልቀቅ ጀመረ። ያኔም አባትየው ነጭ ከሆነ ነገሩ ይቀል ነበር። እንግዲህ ጓደኛሽ በዚያ ዘመን ብትኖር፣ ነጭ ናት ወይስ ጃፓናዊት የሚለውን የሚቆርጥላት ወረቀት የያዘ አንድ መኮንን ነበር።

ለዚህ ነው «አንቺ እኮ ነጭ ነሽ» የሚለው ቃል እነሱ ቤት ቀልሎ የማይሰማው። እሳቸውን፣ የእናቷን አያት፣ ከዘር ሐረጓ እንደ መፋቅ ነው። አንቺ እንደዚያ ለማለት አልፈለግሽም፤ ይገባኛል። እሷ የሰማችው ግን እንደዚያ ሊሆን ይችላል።

ፋሽን ነው ወይ ላልሽው፣ ስሙ አዎ፣ ፋሽን አለበት። ነጭና እስያዊ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አጣብቀው የሠሩት ነው፤ በቲክቶክ ተራባ፣ ነገ ሌላ ይተካው ይሆናል። ሰዎቹ ግን ፋሽን አይደሉም። በተለይ አንቺ ያለሽበት አካባቢ። ሲያትል ያለችባት ዋሽንግተን ገና ክፍለ ግዛት ሳትሆን፣ በ1868፣ ነጭ ከሌላ ዘር ጋር እንዳይጋባ የሚከለክለውን ሕግ ሰርዛለች። ጎረቤቷ ኦሪገን ግን እስከ 1951 ድረስ ይዛው ቆይታለች። በዚህ የተነሣ ከሌላ ቦታ ሲያትል ድረስ እየመጡ የሚጋቡ ነበሩ። ፊሊፒናዊ ወንድና ነጭ ሴት ብዙ ነበሩባቸው።

በ1935 እና በ1937 ክልከላውን በዋሽንግተን ለመመለስ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ጥቁሮች፣ ፊሊፒናውያንና የሠራተኛ ማኅበራት አብረው ቆመው አከሸፉት። ይህችን ነጥብ ያዢልኝ። የጓደኛሽ ዓይነት ቤተሰብ በዚያ ምድር ሕጋዊ ሆኖ እንዲኖር ከታገሉት ውስጥ ጥቁሮች አሉበት። በመላው አሜሪካ ክልከላው የወደቀው ግን በሰኔ 1967 ነው፤ ሚልድረድና ሪቻርድ ላቪንግ የሚባሉ የቨርጂኒያ ባልና ሚስት ጉዳያቸውን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሰው ሲረቱ።

ስምማ ሞልቷል። ከሃዋይ የመጣ «ሃፓ» የሚል አለ፤ ከሃዋይ ተወላጆች «የኛን ቃል ማን ሰጣችሁ?» ብለው የሚቆጡም አሉ። ሲንጋፖር ውስጥ «ዩሬዥያን» ይባላል። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ከአሜሪካ ወታደሮች የተወለዱትን «አሜሬዥያን» ይሏቸዋል። እነዚያ ልጆች በተወለዱበት አገር ብዙ ተንገላተዋል፤ አሜሪካ ለነሱ ብላ በ1987 የተለየ ሕግ አወጣች።

ታይገር ውድስ ደግሞ አለልሽ። በ1997 ማስተርስ የሚባለውን ትልቅ የጎልፍ ውድድር ባሸነፈ ሰሞን የቴሌቪዥን አቅራቢዋ ኦፕራ ዊንፍሬ ፊት ተቀምጦ «ካብሊኔዥያን ነኝ» አለ። ነጭ፣ ጥቁር፣ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብና እስያዊ የሚሉትን አደባልቆ በልጅነቱ የፈጠረው ስም ነው። ብዙ ሰው ሳቀበት። ጥቁር መሆኑን ካደ ብለው የተቀየሙትም ነበሩ። እናቱ ግን ታይላንዳዊት ነበረች፤ እሷን የሚያስቀር ስም አልፈልግም ማለቱ ነው። እኔ በዚህ ነገር ከሱ ጎን ነኝ። ስሙ አስቀያሚ ነው፣ ግን የራሱ ነው።

መንግሥትም ቢሆን ቶሎ አልነቃም። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ አንድ ሰው ከአንድ በላይ የዘር ሳጥን ላይ ምልክት እንዲያደርግ የፈቀደው በ2000 ነው። ከዚያ በፊት እንደ ጓደኛሽ ያለ ልጅ ወይ አባቱን ወይ እናቱን መምረጥ ነበረበት። በ2020 ግን 33.8 ሚሊዮን ሰው ከአንድ በላይ ዘር ሞላ።

በዚያው የ2020 ቅጽ ላይ ጥቁር ከሚለው ሳጥን ሥር በምሳሌነት ከተጻፉት ውስጥ ኢትዮጵያዊ የሚል አለበት። ይሄን ያነሣሁት ላንቺ ስል ነው። ቤት ውስጥ «እኛ ሀበሻ ነን» ሲባል እየሰማሽ ነው ያደግሽው። ውጭ ስትወጪ ደግሞ ጥቁር ነሽ፤ የሱቁ ጥበቃ ሀበሻ ምን እንደሆነ አያውቅም። አንዳንድ ወላጆቻችን «ሀበሻ እንጂ ጥቁር አይደለንም» እያሉ ሁለቱን ሊያጣሉ ይሞክራሉ፤ እኔ ይሄ ነገር አይጥመኝም። ጥቁር አሜሪካዊ የክፍልሽ ልጅም አንድ ቀን «አንቺ እኮ እንደኛ አይደለሽም» ብሎሽ ይሆናል። አንቺ ግን በየቀኑ ሁለቱንም ይዘሽ ከቤት ትወጫለሽ፣ ማታም ሁለቱንም ይዘሽ ትገቢያለሽ። ታዲያ ለሷ ሲሆን ለምን ይከብዳል?

እዚያው ሲያትል ትሠራ የነበረች ማሪያ ሩት የምትባል የሥነ ልቦና ምሁር አለች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የክልስ ሰዎችን መብት በዝርዝር ጽፋለች። እሷ እንደምትለው ክልስ የሆነ ሰው የማያውቁት ሰዎች ከሚጠብቁት በተለየ ስም ራሱን መጥራት ይችላል። ወላጆቹ ከሰጡት ስምም መለየት ይችላል፣ ከወንድምና ከእህቱም ጭምር። ቦታ ሲለወጥ ስሙን መለወጥ፣ በዕድሜው ውስጥ ደጋግሞ መለወጥም ይችላል። እንግዲህ ጓደኛሽ ዘንድሮ ዌዥያን ነኝ ብላ፣ ኮሌጅ ስትገባ ጃፓናዊት አሜሪካዊት ነኝ ብትል እንዳትይዣት። «አምና እኮ እንዲህ ብለሽ ነበር» የሚባል ነገር እዚህ ላይ አይሠራም።

አሁን ወደማትወጂው ነገር ልግባ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ያስቆመኝ የዘር ጉዳይ አይደለም። «እነሱ ስቀው ሲጨርሱ ነው እኔ የምስቀው» ያልሽው ነው። የኔ እህት፣ ይሄ ቅናት ነው። ነውር የለበትም፤ የቅርብ ጓደኛው ሌላ ሰው ያገኘ ሁሉ የሚሰማው ነገር ነው። ምሳ ላይ የተናገረው ግን እሱ ይመስለኛል። «ተውሽኝ» ማለት ስላፈርሽ «ነጭ ነሽ» አልሻት።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የአክስትሽ ልጆች እናንተ ቤት መጥተው በአማርኛ ሲቀልዱ፣ እሷ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ምን ታደርግ ነበር? ሠርግ ወስደሻት ከሆነ፣ እስክስታው ሲደምቅ የት ቆማ ነበር? ለዓመታት ስቃችሁ ስትጨርሱ የሳቀችው እሷ ናት። ሀበሻነትሽን ቀንሺልኝ ብላሽ አታውቅም። አንቺ ሳትነግሪው የሚገባው ሰው አለሽ፤ ጾም ምን እንደሆነ፣ እናት በዓይን ብቻ ስትቆጣ ምን ማለት እንደሆነ የማታስረጂው ሰው። እሷ እንዲህ ያለ ሰው ቤቷ ውስጥ እንኳ ላይኖራት ይችላል። አባቷ ነጭ ብቻ ነው፣ እናቷ ጃፓናዊት ብቻ። እንደሷ ሁለቱንም የሆነ ሰው ያገኘችው ዘንድሮ ነው። ታዲያ ብትፈነድቅ ይፈረድባታል? አዲስ ነገር ስለሆነም ትንሽ ታበዛዋለች፤ እያደር ይበርዳል።

ይሄን ስል ግን ቅሬታሽ ሁሉ ቅናት ነው ማለቴ አይደለም። ይሄ የዌዥያን ቲክቶክ የሚያንቆለጳጵሰው መልክ አለ፤ ቆዳው ነጣ ያለ፣ ዓይኑ ትልቅ፣ አፍንጫው ሰልካካ። ነጭነት የተጨመረበት ክልስነት ቆንጆ ይባላል፤ ጥቁርነት የተጨመረበት ሲሆን ዝም። አርያና ሚያሞቶ በ2015 ሚስ ዩኒቨርስ ጃፓን ተብላ ስትመረጥ፣ አባቷ ጥቁር አሜሪካዊ ስለሆነ ብቻ «ይቺ ጃፓንን አትወክልም» ያሉ ብዙዎች ነበሩ። እዚያው አገር ነው የተወለደችው፣ ቋንቋዋም ጃፓንኛ ነው። ጥቁር ልጅ ሆነሽ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጪ አንድ ነገር ጎርብጦሽ ከሆነ፣ ትክክለኛ ነገር ነው የጎረበጠሽ። ጓደኛሽ ልታውቀው ይገባል። አባቷን የሚመስለው መልኳ የሚከፍትላት በር እንዳለም ልታውቅ ይገባል። የቅድመ አያቷ ታሪክና ይሄ አብረው እውነት ናቸው።

ይሄን ግን ይቅርታ በምትጠይቂበት ቀን እንዳታነሺው። አደራ። ሁለቱን ከደባለቅሽ ይቅርታው ይበላሻል፣ ቅሬታውም አይሰማም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እውነት ነው፣ ያልሽው ተብሏል፣ አይመለስም። ስለዚህ አታሽሞንሙኚው። ረጅም ቴክስት አትጻፊ። ያን ሁሉ አንብባ ስክሪንሾት አድርጋ ለግሩፑ እንድትልክ ነው የምትጋብዣት። «በአካል አምስት ደቂቃ ላገኝሽ እፈልጋለሁ፣ ልከራከርሽ አይደለም» በቂ ነው። ስትገናኙ ደግሞ እንዲህ በያት፦ «ያን ቀን ነጭ ነሽ ያልኩሽ ስህተት ነበር። በሰው ፊት መሆኑ ደግሞ ብሷል። ይቅርታ።» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ይከብዳል፤ ቻይው።

«ተቀይመሽ ከሆነ ይቅርታ» አይባልም፤ መቀየሟን እያየሽ «ከሆነ» ምን አመጣው? «እኔ ራሴ እኮ ጥቁር ነኝ፣ የባሰ ይደርስብኛል» ማለትም ለሌላ ቀን ይቆይ። መናገር ከጀመረች አታቋርጫት፣ ዕንባ ከመጣት አታረጋጊያት። ስትጨርስ ደግሞ እንደናፈቀችሽ ንገሪያት። ይሄን መናገር ለምን እንደሚያሳፍረን አይገባኝም፤ ከይቅርታው ይልቅ ይሄ ነው ሰው የሚመልሰው።

ያኔ ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ልጆችም አሉ። ስድቡ በነሱ ፊት ስለነበረ እርምቱም እነሱ ጋ መድረስ አለበት። ንግግር አያስፈልገውም። ስታገኚያቸው «ያን ቀን ያልኩት ልክ አልነበረም» ማለት ነው። በኛ ወግ ቢሆን ሽማግሌ ይላክ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ግን ሽማግሌ ሆኖ የሚመጣው ወሬ አመላላሽ ነው። አንቺው ራስሽ ሂጂ።

ስለ እናትሽ። ክፋት የላቸውም። አዲስ አበባ መንገድ ላይ ከጃፓንም ይምጣ ከኮሪያ፣ ሰው ሁሉ «ቻይና» ሲባል ሰምተው ነው የመጡት። በመልካም ጊዜ፣ ቡና ሲፈላ ምናልባት፣ ስለ ልጅቷ ቅድመ አያት ንገሪያቸው። መንግሥት ከቤት አውጥቶ ያጎረው ሰው ታሪክ ለኢትዮጵያዊ እናት ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ወዲያው ይገባቸዋል። ልጅቷንም በስሟ እንዲጠሯት ለምኛቸው። «ከሀበሻ ልጆች ጋር ሁኚ» ያሉት ልጃቸው ስትከፋ አይተው ስለሆነ አትጣዪአቸው። ምክሩን ግን አትቀበዪ። ሀበሾቹ የትም አይሄዱም፤ ለነሱ ብለሽ የምትሰዊው ጓደኛ የለም።

ከታረቃችሁ በኋላም የዌዥያኖቹ ግሩፕ ይቀጥላል። አንዳንድ ቀን ከነሱ ጋር ምሳ ትበላለች፣ አንቺ ሌላ ጋ ትበያለሽ። ሁሉም ቦታ አብሬሽ ልሁን አትበዪ። በሐምሌ ሲያትል ውስጥ የጃፓን ቡዲስቶች ቤተ መቅደስ አካባቢ ቦን ኦዶሪ የሚባል የጭፈራ በዓል አለ፤ ከቤተሰቧ ጋር የምትሄድ ከሆነና ከጋበዘችሽ ሂጂ። ራስሽን ግን አትጋብዢ።

ካልመለሰችልሽስ? ሊሆን ይችላል። ያኔ አንድ ጊዜ ብቻ በወረቀት ጻፊላት፣ በእጅ ጽሑፍ፣ ከላይ ያልኩሽን ሦስት ዓረፍተ ነገር ያህል። በእህቷ፣ በወንድሟ፣ በሌላ ጓደኛ መልእክት አትላኪ፤ ስቶሪዋን እየተከታተልሽም አትቃጠዪ። የምትፈልገውን ያህል ጊዜ ትውሰድ። ኮሪደር ላይ ስታገኚያት ግን ሰላም ማለቱን አታቋርጪ፣ ባትመልስልሽም።